«ልሂድ ወይስ ልቅር?» ከዶክትሬት በኋላ ስለሚመጡት ሁለት ዓመታት

ባለፈው ሳምንት አንድ የዚህ ቻናል ተከታታይ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ ምክር ፈልጌ ነው» ብሎ ይጀምራል። ዶክትሬቱን በአናሎግ ኤሌክትሮኒክስ ጨርሷል። አንድ የአገራችን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስተምራል። አሁን አውሮፓ ከሚገኝ ቤተ ሙከራ የሁለት ዓመት የፖስትዶክ ቦታ አግኝቷል፤ ከሰው ልብና አንጎል የሚወጡ ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክቶችን የሚያጎላ ሰርኪዩት ላይ ሊሠራ። የትምህርት ክፍሉ ደግሞ «መሄድ ከፈለግህ ሥራህን ለቀህ ሂድ» ብሎታል። እናቱ «ሂድልኝ፣ እዚያው ቅር» ይላሉ። ጓደኞቹም ከእናቱ ጋር ናቸው። ጥያቄው አጭር ናት፦ «ልሂድ ወይስ ልቅር?»

ወዲያው አልመለስኩለትም። ጥያቄው የእሱ ብቻ ስላልሆነ፣ ደግሞም መቶ ዓመት ያለፈው ታሪክ ስላለው፣ እስቲ ታሪኩን ለሁላችሁም ላውራውና መልሱ ከዚያ ይምጣ አልኩ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፖስትዶክ ወይም ድኅረ ዶክትሬት የሚባለው ነገር ማዕረግ አይደለም። ብዙ ሰው ከዶክተርነት በላይ ያለ ሌላ ዲግሪ ይመስለዋል። ጊዜ ነው። ትምህርቱን የጨረሰ፣ ገና ወንበርና ቤተሰብ ያልያዘው ሰው፣ ደመወዝ እየተከፈለው ከተሻለ ሰው አጠገብ ቁጭ ብሎ የሚሠራበት ሁለት ሦስት ዓመት። አሜሪካኖች ይህን በሰፊው የጀመሩት በ1919 ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በፊት ፊዚክስ በደንብ መማር የፈለገ አሜሪካዊ ወደ ጀርመን ነበር የሚሄደው። ከጦርነቱ ማግስት የሮክፌለር ፋውንዴሽን ገንዘብ ለመስጠት ሲነሳ መጀመሪያ የታሰበው አንድ ትልቅ ማዕከላዊ የምርምር ተቋም መገንባት ነበር። ሳይንቲስቶቹ ተከራከሩ። ሕንፃው ይቅርና ገንዘቡ ለወጣት ዶክተሮች ይሰጥ፣ የሚሠሩበትን ዩኒቨርሲቲ ራሳቸው ይምረጡ አሉ። እነሱ ረቱ። በፊዚክስና በኬሚስትሪ 500,000 ዶላር ተመደበ። በኋላም የሮክፌለር ገንዘብ ውቅያኖስ ተሻግሮ የአውሮፓ ወጣቶችን ከአገር አገር ማዘዋወር ጀመረ።

ሕንፃ ወይስ ሰው? ይህን ጥያቄ እኛም አገር በየዓመቱ እንመልሰዋለን። አመላለሳችንን ታውቁታላችሁ።

ከእነዚያ ተዘዋዋሪ ወጣቶች አንዱ አለን ዊልሰን ይባላል። በ1931 መጀመሪያ ከካምብሪጅ ተነስቶ ላይፕዚግ፣ ቨርነር ሃይዘንበርግ ዘንድ ሄደ። ታላቁ ሃይዘንበርግ ራሱ ገና 29 ዓመቱ ነበር። እዚያው ፊሊክስ ብሎህ የሚባል ሌላ ወጣት አለ፤ ከሦስት ዓመት በፊት ኤሌክትሮን በብረት ክሪስታል ውስጥ እንዴት እንደሚያልፍ በሒሳብ ያሳየ። የብሎህ ሒሳብ ግን አንድ ችግር ነበረበት። በሒሳቡ ከሄድን ሁሉም ነገር ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ አለበት። ታዲያ መዳብ ሲያስተላልፍ ጨው ለምን እምቢ ይላል?

ዊልሰን መልሱን ያገኘው እዚያ በቆየባቸው ወራት ነው። ነገሩ የኤሌክትሮን መኖር አለመኖር ሳይሆን መንቀሳቀሻ ቦታ የማግኘት ጉዳይ ነው። በጥምቀት ጃንሜዳ ጢም ብሎ ሲሞላ አስቡት። ሰው ሞልቷል፣ ግን ማንም ንቅንቅ አይልም። ኤሌክትሮኖችም የተፈቀደላቸው የኃይል ደረጃ ሙሉ ከሆነ እንደዚያ ናቸው፤ ቀጣዩ ባዶ ደረጃ ሩቅ ከሆነ ዕቃው አያስተላልፍም። ባዶው ደረጃ ቅርብ ከሆነ ግን ትንሽ ሙቀት፣ ወይም ጥቂት የባዕድ አቶም ሲጨመርበት፣ አንዳንዱ ኤሌክትሮን ዘሎ ይወጣና መንገድ ይከፈታል። ሴሚኮንዳክተር የምንለው ይህንን ነው። ብሎህ መጀመሪያ አልተዋጠለትም፤ ቆይቶ ተቀበለ። የዊልሰን ጽሑፎች በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ታተሙ።

በዚያው ዓመት ደግሞ ኃይለኛው ቮልፍጋንግ ፓውሊ ለአንድ የሙያ ባልደረባው በጻፈው ደብዳቤ ሴሚኮንዳክተር ላይ መሥራት እንደማያስፈልግ፣ ቆሻሻ ነገር እንደሆነ፣ እንዲያውም መኖሩ ራሱ እንደሚያጠራጥር ገልጾ ነበር። ዊልሰንም ካምብሪጅ ተመልሶ ጀርማኒየም የሚባለው ንጥረ ነገር ሳይጠቅም አይቀርም ሲል የሰማው አልነበረም። ሰውዬው በኋላ ፊዚክስን ትቶ ወደ ኢንዱስትሪ ገባ፤ የግላክሶ መድኃኒት ኩባንያ ሊቀመንበር እስከመሆን ደረሰ። ጥያቄውን ማንም አላዘዘውም ነበር። የትኛውም መሥሪያ ቤት፣ የትኛውም «የትኩረት መስክ» ሰነድ በ1931 ጀርማኒየምን አልጻፈም። አንድ ነፃ ዓመት የተሰጠው ወጣት ብቻ ነው ያሰበበት።

ከዊልሰን ሐሳብ ዕቃ የሆነው አሜሪካ ነው። እዚያም ያው ነፃ ዓመት ከበስተጀርባ አለ። ጆን ባርዲን በጋልፍ የነዳጅ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ደህና ሥራ ነበረው። በ1933፣ አሜሪካ በኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ አጥ በሞላበት ሰዓት፣ ሥራውን ለቆ ለዶክትሬት ፕሪንስተን ገባ። (እናቶቻችን ቢሆኑ ምን እንደሚሉት አስቡ።) ከዚያ ከ1935 እስከ 1938 ሃርቫርድ ውስጥ «የወጣት አጥኚዎች ማኅበር» ተቀበለው። የማኅበሩ ደንብ ዛሬም ይገርመኛል፤ ደመወዝ አለ፣ ፈተና የለም፣ የማስተማር ግዴታ የለም፣ የሳምንት እራት ግን አለ። ባርዲን በእነዚያ ሦስት ዓመታት የብረቶችን ጠባይ አጠና።

በ1945 መጨረሻ ላይ ቤል ላብስ ገባ። ቤል የስልክ ኩባንያ ነበር፤ የሚያስጨንቀውም ድምፅ ነው። በረጅም ሽቦ የሚጓዝ ድምፅ እየደከመ ስለሚሄድ በየመንገዱ ማጉላት ያስፈልጋል። ማጉያው ቫኪዩም ቲዩብ የሚባል የመስታወት አምፖል ነበር፤ ይግላል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይቃጠላል። የቡድኑ መሪ ዊሊያም ሾክሊ በሴሚኮንዳክተር ለመተካት ያቀደው መሣሪያ ደግሞ በወረቀት ላይ ይሠራል፣ በተግባር አይሠራም። ለምን እንደማይሠራ የነገረው ባርዲን ነው፤ ኤሌክትሮኖች በክሪስታሉ ፊት ላይ ይያዛሉ፣ ከውጭ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ግፊት ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይጋርዳሉ አለ። ከዚያ እሱ እያሰበ ዋልተር ብራተን በእጁ እየሠራ ቆዩ። በታኅሣሥ 16 ቀን 1947 ብራተን በፕላስቲክ ሽብልቅ ጫፍ ላይ የወርቅ ቅጠል ለጥፎ፣ ጫፉን በምላጭ ሰንጥቆ፣ ጀርማኒየም ላይ በሽቦ ጥምጥም ተጭኖ ያዘው። ምልክቱ ጎላ። ከሳምንት በኋላ ለአለቆቻቸው የሰው ድምፅ አጉልተው አሰሙ። ትራንዚስተር ተወለደ።

ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ትራንዚስተር አንድና ዜሮ አልቆጠረም። ድምፅ ነው ያጎላው። አናሎግ ነበር።

ባርዲን ራሱ በነፃ ዓመታት ያተረፈውን ለሌላው ሲያተርፍም እናየዋለን። ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ከ1911 ጀምሮ ያልተፈታ ችግር ይዞ ነበር፤ አንዳንድ ብረቶች እጅግ ሲቀዘቅዙ የኤሌክትሪክ መቋቋማቸው ለምን ድምጥማጡ ይጠፋል? በ1955 ሊዮን ኩፐር የሚባል ወጣት በፖስትዶክ አስመጣ። ኩፐር ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የመጣው ከሌላ የፊዚክስ ዘርፍ ነው። የተፈለገውም ለዚሁ ነው። በ1956 ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳየ፤ በ1957 ከሮበርት ሽሪፈር ጋር ሦስቱ ሆነው ቋጠሮውን ፈቱት። በ1972 ኖቤል ተሸለሙ፤ ለባርዲን ሁለተኛው ነበር።

እዚህ ላይ «ዘመኑ የዲጂታል ነው፤ አናሎግ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ዓለም ራሷ አናሎግ ናት ወዳጄ። ሙቀት፣ ድምፅ፣ የልብ ምት በአንድና በዜሮ አይመጡም። የልብ ምልክት ደረት ላይ ሲለካ አንድ ሚሊቮልት ገደማ ነው። ሰውነታችን ደግሞ እንደ አንቴና ሆኖ ግድግዳ ውስጥ ካለው የ220 ቮልት መስመር ጩኸት ይሰበስባል፤ ያ ጩኸት ከልቡ ምልክት እጅግ ሊበልጥ ይችላል። ጥሩ ማጉያ ማለት በሁለቱ የመለኪያ ነጥቦች ላይ እኩል የመጣውን ጩኸት ጥሎ፣ ልዩነቱን ብቻ የሚያጎላ ነው። በመጽሐፍ ላይ አንድ ገጽ ነው። በጠረጴዛ ላይ ግን ሽቦው የት እንደሚሬዘር፣ ሙቀት ሲጨምር ቁጥሩ ወዴት እንደሚንሸራተት፣ ሁለት «አንድ ዓይነት» ትራንዚስተሮች ለምን አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ የሚያውቅ ሰው አጠገብ ካልተቀመጥክ ዓመታትህን ትፈጃለህ። የሽማኔና የአንጥረኛ ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ እንደሚሄደው ነው። ስለዚህ ለአናሎግ ሰው ፖስትዶክ ቅንጦት አይደለም፤ ትምህርቱ የሚያልቀው እዚያ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ያሸነፉትን ነው። ከዶክትሬቱ በኋላ ብቻውን የተወረወረ ሰው ምን ይሆናል? ይህን ደግሞ ከአብዱስ ሰላም የተሻለ የሚነግረን የለም።

ሰላም ከፓኪስታን ትንሽ ከተማ ጃንግ ተነስቶ ካምብሪጅ የተማረ፣ በ25 ዓመቱ ስሙ በፊዚክስ ሰዎች ዘንድ የታወቀ ልጅ ነው። በ1951 አገሬን ላገልግል ብሎ ላሆር ተመለሰ። ኮሌጁ ምን አለው? ምርምሩን ይርሳው፤ ከማስተማር ውጭ ሦስት አማራጭ አለህ፣ የተማሪዎች ማደሪያ ኃላፊ ሁን፣ ሒሳብ ያዝ፣ ወይም የእግር ኳስ ቡድኑን ምራ። ኳሱን መረጠ። በአካባቢው ሥራውን የሚያዋየው ሰው የለም፤ መጽሔት እንደልብ የለም። አንድ ጊዜ ያ ከላይ ያነሳነው ፓውሊ ቦምቤይ መጥቶ ሲጠራው ሰላም በሮ ሄደ። ሲመለስ የጠበቀው ክስ ነው፤ ያለ ፈቃድ ከሥራ ቀርተሃል ተባለ። በስንት ምልጃ ቀኖቹ ያለ ደመወዝ ዕረፍት ተብለው ተቆጠሩለት።

በ1953 እሱ በሚገኝበት የአህመዲያ ማኅበረሰብ ላይ በላሆር ሁከት ተነሳ። ያም ተጨመረ። በ1954 ወደ ካምብሪጅ ተመለሰ። በኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው ያንገበገበው ምርጫው ነው፦ ወይ አገር ወይ ፊዚክስ። ሁለቱን የሚያስማማ መንገድ የለም ማለት ነው።

ሰላም ይህን ቁስል ተቋም አደረገው። በ1960 በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጉባኤ ላይ ለድሃ አገር ፊዚክስ ሊቃውንት ማዕከል ይቋቋም ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ባለጸጎቹ አገሮች አልወደዱትም። እሱ ራሱ እንደሚያወራው አንድ ልዑክ ቲዎረቲካል ፊዚክስን የሳይንስ ሮልስ ሮይስ ብሎ፣ ለእነዚህ አገሮች የበሬ ጋሪ ይበቃቸዋል ብሎ ነበር። ጣሊያን ግን ቦታና ገንዘብ አቀረበች። በ1964 ትሪየስቴ ከተማ ላይ ማዕከሉ ተከፈተ።

የማዕከሉ ትልቁ ብልሃት ለእኔ ሕንፃውም ስብሰባውም አይደለም። «ተባባሪ» የሚባለው አሠራር ነው። ኑሮውና ሥራው አገሩ የሆነ ሳይንቲስት በተወሰኑ ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ፣ ራሱ በመረጠው ጊዜ፣ ለጥቂት ወራት ትሪየስቴ መጥቶ የመሥራት መብት ይሰጠዋል። መጓጓዣውንም ቀለቡንም ማዕከሉ ይችላል። ሠርቶ፣ ከእኩዮቹ ጋር ተከራክሮ፣ አዲሱን ሰምቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ማለትም ሰላም ላሆር ሳለ ያጣውን ነገር በትክክል ለክቶ ነው የሰፋው። ከኢትዮጵያም የሄዱ ብዙ ናቸው። በ1980ዎቹ ማዕከሉ ከቲዎሪ አልፎ የማይክሮፕሮሰሰር ሥልጠናና ላቦራቶሪ ሲጀምር ሰልጣኞቹ ከየድሃው አገር የመጡ ነበሩ፤ እጃቸው ብየዳ ነካ።

ሌላው መንገድ የኮሪያ ነው። ዛሬ ኪሳችሁ ባለው ስልክ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሞስፌት የሚባሉ ትራንዚስተሮች አሉ። በቤል ላብስ የሠሩት ሁለት ሰዎች አንዱ የፖርት ሰዒድ ተወላጅ ግብፃዊ ሞሐመድ አታላ፣ ሌላው የሴኡል ልጅ ዳዎን ካንግ ናቸው። ሁለቱም አሜሪካ ቀሩ። እኛ ብንሆን ለእንዲህ ዓይነቶቹ ሽልማት ሰጥተን ፎቶ ተነስተን እናልፋለን። ኮሪያ ግን በ1966 ኪስት የሚባል የምርምር ተቋም አቋቁማ፣ ውጭ ያሉ ልጆቿን አንድ በአንድ እየፈለገች፣ ከአገሩ ፕሮፌሰር እጅግ የበለጠ ደመወዝና መኖሪያ ቤት እየሰጠች መጥራት ጀመረች። በ1971 ደግሞ ዛሬ ካይስት የሚባለውን ትምህርት ቤት ከፈተች።

እዚያ ከተጠሩት አንዱ ኪም ቹንግ ኪ ነው። ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ጨርሶ ካሊፎርኒያ፣ ፌርቻይልድ ቤተ ሙከራ ውስጥ አምስት ዓመት ሠራ። በ1975 ተመለሰ። መሣሪያ እንደልብ አልነበረም፤ ተማሪዎቹን በእጃቸው እያሠራ፣ የተበላሸውን እያስጠገነ አስተማራቸው። ተማሪዎቹ ወደ ሳምሰንግና ወደ ሌሎቹ ኩባንያዎች ሄዱ። ሳምሰንግ የ64 ኪሎቢት ሜሞሪ ቺፕ ሠራሁ ያለው በ1983 ነው፤ ኪም ከተመለሰ ስምንት ዓመት በኋላ። ኪም የሄደባቸው ዓመታት ለኮሪያ ኪሳራ ነበሩ የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

ወደ እኛ ልምጣ። እኛም ከዜሮ አይደለም የምንነሳው። መግነጢሳዊው የምድር ወገብ በእኛ ሰማይ ስለሚያልፍ በ1957 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ውስጥ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ተቋቁሟል፤ አባ ፒየር ጉዌን የሚባሉ ኢየሱሳዊ መነኩሴ ነበሩ የመሩት። ያ ሁሉ የምድር መግነጢስና የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ በአናሎግ መሣሪያ የተጻፈ ነው። ስዊድን ውስጥ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በ1961 የጀመረው የሳይንስ ፕሮግራም ደግሞ «ሳንድዊች» በሚሉት አሠራር የእኛን ሰዎች ጭምር አስተምሯል፤ ተማሪው ግማሹን ጊዜ እዚያ ይሠራል፣ ግማሹን እዚህ፣ ዲግሪውን ሲጨርስ ወንበሩም ጥያቄውም አገሩ ላይ ነው። በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ላይ፣ ከእሱም ዳዮድ በመሥራት ላይ፣ በዓለም መጽሔቶች የወጣ ምርምር ያካሄደው በእንዲህ ዓይነቱ መመላለስ ነው። በጣም ሀብታም በነበርንበት ዘመን አልነበረም።

እንግዲህ ለወጣቱ የጻፍኩለት ይህን ነው። «ልጄ፣ ሂድ። ግን ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለውን ጥያቄ እንዳለ አትቀበለው፤ ላሆር ላይ ሰላምን ያሰደደው እሱ ነው። ለትምህርት ክፍልህ መልቀቂያ ሳይሆን የሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቅ፣ የመመለሻ ቀንህን ራስህ ጻፍበት። አውሮፓ ያሉትን ደግሞ በየዓመቱ ለአንድ ወር አዲስ አበባ መጥተህ ተማሪ እንድታማክር ይፍቀዱልህ፤ ሲያልቅ አንድ የመለኪያ መሣሪያ ይዘህ እንድትመለስ ከአሁኑ ጠይቃቸው። እንቢ ቢሉህ ምንም አታጣም።»

ከአራት ቀን በኋላ መለሰልኝ። አውሮፓ ያለው ኃላፊ በማግስቱ ተስማምቷል፤ እንዲያውም ከአገልግሎት የወጡ ሁለት ኦሲሎስኮፖች አሉኝ፣ ማጓጓዣውን ካገኛችሁ ውሰዱ ብሎታል። እዚህ ያለው የፈቃድ ማመልከቻ ግን መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል፣ «ለሚመለከተው ተመርቷል» ተብሏል፣ የተመራበት ክፍል ደግሞ አልደረሰኝም ይላል። ሥራ የሚጀምረው በመስከረም ነው።